የገደል ማሚቶ ትምህርት ቤት

ስሜን ተራራ ላይ፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲኬድ፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየን ሰው ራሱን የሚያዞር ገደል አለ። እንስሳት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን እዚያ ገደል ላይ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። የገደሉ ነዋሪዎች ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ሰስና ሽኮኮ ሲሆኑ ጠላታቸው ብዙ ነው። ከታች ነብር፣ ከላይ ንስር፣ ከጀርባ ጅብ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭጋጉ ራሱ ጠላት ይሆናል፤ አፋፉን ከሰማዩ ጋር አንድ አድርጎ ስንቱን ይዞት ወርዷል።

ድሮ ልጅን የምታስተምረው እናቱ ነበረች። አንድ ክረምት ግን ነብር በአንድ ሌሊት ብዙ ልጅ ፈጀ። ነብሩን ያየው ጎረምሳ ጭላዳ ደንግጦ «ጅብ!» ብሎ ጮኸ። ጅብ ሲመጣ ወደ ገደሉ ይወረዳል፤ ጅብ ገደል አይደፍርም። ነብር ሲመጣ ግን ወደ ሜዳው ይወጣል፤ እሱ ገደሉን ከነዋሪው በላይ ያውቀዋል። መንጋው «ጅብ!» ሲባል ሰምቶ፣ ነብሩ ወዳደፈጠበት ተግተልትሎ ወረደለት።

በማግስቱ የዋልያዎች ጉባኤ ተሰብስቦ አዋጅ አወጣ። ከእንግዲህ የገደሉ ልጅ ሁሉ ጩኸት ይማር። ገደሉ ከታች እስከ ላይ አሥራ ሁለት እርከን አለው፤ በየእርከኑ አንድ መምህር ይቀመጥ፣ ልጅም በየዓመቱ አንድ እርከን ይውጣ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይፈተን፤ ያለፈ አፋፉ ላይ ዘብ ይሁን። ዘብነት ትልቅ ማዕረግ ነበር። ዘብ የጓሳውን ለምለም ይነጫል፣ ዝናብ ሲመጣ ዋሻ ይገባል፣ እናቱም በስሟ መጠራቷ ቀርቶ «የዘቡ እናት» ትባላለች። ያላለፈው ምን እንደሚሆን አዋጁ አላነሳውም።

ትምህርት ቤቱን ያበላሸው ቦታው ነው። ከገደሉ ፊት ለፊት ሌላ ገደል ቆሟል፤ መምህሩ «ነብር!» ብሎ ሲጮህ ከማዶ «ነብር!» የሚል ድምፅ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን፣ በየእርከኑ ያለው ልጅ ጥቂት ሳለ፣ መምህራኑ የልጁን ድምፅ ከማሚቶው ይለዩት ነበር። ልጁ በዝቶ እርከኑን ሲሞላው መለየት ቀረ። መምህሩ ይጮኻል፣ ልጆቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ማዶው ይመልሳል። አፋፉ ላይ ሣር የሚነጩ ወላጆች ይህን ሲሰሙ «ተመስገን፣ ልጆቻችን አወቁ» ይላሉ። ከልጆቹ አፍ የወጣው ስንቱ፣ ከገደሉ የተመለሰው ስንቱ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ደግሞስ ማን ይጠይቃል? መምህሩ ተመስግኗል፣ ወላጅ ደስ ብሎታል፣ ጉባኤው «ጩኸት ተስፋፋ» እያለ ሪፖርት ይሰማል። እንዲህ ባለ ደስታ መካከል ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ቀናተኛ ይባላል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት እርከኖች ልጅ ወድቆ እንዳይቀር የሚልም ደንብ ነበር። ደንቡ ክፉ አልነበረም። ገና በእግሩ ያልጸና ልጅ «ወደቅህ» ተብሎ ከእኩዮቹ ሲለይ ትምህርቱን እርም ብሎ ይቀራል፤ እናቱም አዝላው ወደ ሣሯ ትመለሳለች። ስለዚህ ደንቡ «ልጁ ይለፍ፤ መምህሩ ግን በየቀኑ እየሰማው፣ የጎደለውን እየሞላለት ያሳልፈው» ይላል። የመጀመሪያዋ ግማሽ ወዲያው ተፈጸመች፤ ልጅን ማሳለፍ ድካም የለውም። ሁለተኛዋ ግማሽ ሮስተር ሆና ቀረች። (የራሳችን ቤት ትዝ ያለው አንባቢ አልተሳሳተም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ ሳይደግም እንዲያልፍ፣ ከዚያው ጋር ተከታታይ ምዘና እንዲደረግለት ታስቦ ነበር። ልጁ አለፈ፤ ምዘናው በብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ቀረ።)

ሮስተሩ የሚሞላው ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት ባለው ሌሊት ነው። ተቆጣጣሪው ቀይ ቀበሮ ነበር፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ማንም ስለማይሸሸው ለሥራው የተመቸ ነው ተብሎ ተሾመ። መምህሩ በጨረቃ ብርሃን ቁጭ ብሎ «ጩኸት ከአሥር፣ ማዳመጥ ከአሥር፣ ተሳትፎ ከአሥር» እያለ ይሞላል። ለዋልያው ልጅ ዘጠኝ፤ አባቱ የጉባኤ አባል ናቸው። ለሰሷ ልጅ ሰባት፤ ዝምተኛ ናት። መልኩን ለማያስታውሰው ልጅ ስድስት ተኩል። ያቺ ተኩል ብዙ ሥራ የተሠራ ታስመስላለች።

ሦስተኛው እርከን ላይ ግን የኔታ ሽኮኮ ነበሩ። ቁመታቸው ከጥንቸል አይበልጥም፤ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ሌሎቹ መምህራን ማዶውን እያዩ ሲያስተምሩ፣ እሳቸው ልጆቹን የሚሰሙት አለቱ ውስጥ ባለች ስንጥቅ ነው። ስንጥቋ ከአንድ ልጅ በላይ አታስገባም፤ ግድግዳዋን ሣርና ለስላሳ አፈር ስለሸፈነው ድምፅ አትመልስም። ልጅ ይገባል፣ የኔታ አንድ ምልክት ያሳዩታል፣ ይጮኻል። ሲሳሳት አይቆጡትም፤ ልኩንም ቶሎ አይነግሩትም። «ምን አይተህ ነው?» ይሉታል።

አንድ ቀን ተራው የአንድ ትንሽ ጭላዳ ሆነ። በስንጥቋ አፍ በኩል አለቱ ላይ ጥላ ሲያልፍ አይቶ «ንስር!» ብሎ ጮኸ። ያለፈው ግን አጥንት ከሰማይ ጥሎ አለት ላይ የሚሰብረው ጥንብ አንሳ ነበር፤ በሕይወት ያለን እምብዛም የማይነካ።

«ምን አይተህ ነው፣ ልጄ?»

«ጥላ አይቼ ነው፣ የኔታ።»

«ጥላው ምን ይመስል ነበር?»

«ትልቅ ነው።»

«ትልቅነቱን ተወው። ጅራቱስ?»

ልጁ ዝም አለ። ጅራት እንዳለው እንኳ ልብ አላለም።

የኔታ በዚያ ቀን ሠላሳዎቹንም ልጆች አንድ በአንድ ሰሙ። አሥራ ዘጠኙ ትልቅ ጥላ ሁሉ ንስር ይመስላቸዋል። ይህ የአሥራ ዘጠኝ ልጆች ስንፍና እንዳልሆነ ገባቸው። ትምህርቱን የሰጡት በጠዋት፣ የንስር ላባ በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ላባ ደግሞ ከሰማይ ሲያንዣብብ አይታይም። በማግስቱ ያሰቡትን ትምህርት ትተው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ልጆቹን ወደ ጅባራዎቹ ጥግ ወሰዷቸው። ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ ድረስ ሽቅብ አዩ። የንስሩ ክንፍ ብብቱ ጋ ይጠባል፣ መሐሉ ላይ ይሰፋል። አጥንት ሰባሪው ጅራቱ ይረዝማል፣ ጫፉም ይሾላል። ደግመው ሲሰሟቸው የሚሳሳቱት ስምንት ሆኑ፤ በሦስተኛው ቀን አራት ቀሩ። ለአራቱ ሌላ መንገድ ተፈለገላቸው። አንዷ፣ ያቺ ዝምተኛ የሰስ ልጅ፣ ዓይኗ ሩቅ እንደማያይ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰባት ከአሥር ስታገኝ ማንም አላወቀላትም ነበር። የኔታ ከዚያ ወዲያ ንስርን ጅግራዎች ዝም ሲሉ እንድትለየው አስተማሯት።

የቄስ ትምህርት ቤት የደጀ ሰላም ጥላ የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ሀሁን ያልለየ አቡጊዳ አይጀምርም፤ አቡጊዳን ያላወቀ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይዘልቅም፤ ዳዊት የሚደግመው ልጅ ይህን ሁሉ በየኔታ ጆሮ ሥር አልፎ ነው የመጣው። የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። የዚያን ቤት አለንጋ አላወድስም፤ የማወራው ስለ ጆሮው ነው።

ቀበሮው ለቁጥጥር ሲመጣ የኔታ ያቀረቡለት ሮስተር አስገረመው።

«የኔታ፣ የዚህ ጭላዳ ውጤት የታለ?»

«ይኸውልህ፤ ‹ጥላ ያምታታው ነበር፣ አሁን ለይቷል። ነብርን በሽታው ያውቃል። ሲፈራ ይቸኩላል።›»

«ይህማ ወሬ ነው። ከመቶ ስንት አገኘ?»

«እሱን እንኳ አላሰብኩትም። ሲፈራ እንዳይቸኩል ምን ባደርግ ይሻላል እያልኩ ነው።»

ቀበሮው «መረጃ ያልተሟላ» ብሎ ጻፈ። በዚያ ዓመት ሦስተኛው እርከን ከአሥራ ሁለቱ እርከኖች መጨረሻ ወጣ። ትንሹ ጭላዳም ወደ አራተኛው እርከን ወጣ፤ እዚያ እንደ ሌላው አፉን መክፈት ለመደ። በሁለተኛው ወር አንደኛ ወጣ።

አሥራ ሁለተኛው እርከን ላይ ፈተናው የሚሰጠው እዚያው፣ ማዶውን ፊት ለፊት እያዩ ነው። ፈታኙ የነብር ቆዳ ያሳያል፣ ልጁ ይጮኻል። ነገር ግን ማዶው ላይ አጎትም አክስትም ድንጋይ ጥግ ተሸጉጦ ውሏል። ልጁ ከመጮሁ በፊት ከማዶ «ነብር!» ይባላል። ፈታኙ ቀና ሲል «ማሚቶ ነው» ይሉታል። ፈታኙም ልጅ አለው። መምህሩም ቢሆን ብዙ ዘብ ያወጣ እርከን የተሻለ ሣር እንደሚሰጠው ያውቃል። ኩረጃ የሚሉት ቃል ያን ጊዜ በገደሉ ላይ ነውርነቱ ቀርቶ «መረዳዳት» ይባል ጀምሮ ነበር። ያልተረዳዳ ልጅ ክፉ ነው። በራሱ አውቆ የመለሰ ልጅ እንኳ ድምፁ ከማዶው ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ማን እንዳወቀ አይለይም፤ እኔን የሚያበሳጨኝ የዚህኛው ልጅ ነገር ነው።

አንድ ዓመት ደግሞ ቁራ ገባበት። ቆዳዎቹ በምን ተራ እንደሚታዩ በዋሻው ቀዳዳ አጮልቆ አየና ለሥጋ ቁራጭ ለገደሉ ሁሉ ሸጠው። ጉባኤው ፈተናውን አራዘመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በፈተናው ቀናት ክንፍ ያለው ሁሉ እንዳይበር አዘዘ። ንቦች ቀፎ ውስጥ ዋሉ። ከፈተናው ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ጥንብ አንሳ አጥንት መጣል ተከልክሎ ጦሙን አደረ። እኛ ደግሞ በ2008 የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ከቀኑ በፊት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ሲራዘም፣ በ2009 የፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ አይተናል። ቁራ አጥፍቶ ንብ ስትቀጣ መቼም በተረት ብቻ አይደለም።

አፋፉ በዘብ ተሞላ። ያኔ ነው ያ ሌሊት የመጣው።

የነሐሴ ጭጋግ ነበር፤ እጅን ዘርግቶ ጣት የማይታይበት። ጭጋግ ድምፅ ያፍናል፤ ማዶውም ማሚቶውም ጠፍተዋል። ከዘቦቹ አንዱ፣ በዓመቱ በከፍተኛ ውጤት ያለፈ ዋልያ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር ሁለት ዓይን አየ። ነጠብጣቡንም አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ከማዶ የሚነግረው እስኪመጣ ጠበቀ።

ጠዋት ላይ የተረፈውን ቆጠሩ።

ጉባኤው በዚህ ጊዜ ደፈር ያለ ውሳኔ ወሰነ። ከእንግዲህ ፈተናው ግጭ ሜዳ ላይ ይሆናል፤ ዙሪያው ገላጣ፣ ማሚቶ የማይመለስበት። ልጆቹ ከየእርከናቸው ተነሥተው ሜዳው ላይ ያድራሉ። አጎትም አክስትም አይከተላቸውም። ሲገቡ ይፈተሻሉ፤ በጅራታቸው ጠጉር አጤሬራ የቋጠሩ ተይዘዋል።

የፈተናው ቀን ሜዳው ላይ የሆነውን የነገረኝ ሰው የለም፤ ተረት ነውና እኔው ልንገራችሁ። ፈታኙ የነብር ቆዳ ዘረጋ። የመጀመሪያው ልጅ ቆዳውን አየ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ማዶ የለም። ነፋሱ ጓሳውን ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል። ልጁ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ሰማው፤ ቀጭን ነበር። አንዳንዱ በድንጋጤ የመጣለትን ጮኸ። አንዳንዱ ሜዳውን ጥሎ ሮጠ። አብዛኛው ግን አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ሲያስተምሩት የኖሩት ይህንኑ ነውና።

ከመቶው ሦስት አለፉ።

ቁጥሩን ከራሴ ፈጥሬው ቢሆን ኖሮ «አጋነንክ» እባል ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ከ896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች በ1,161ዱ አንድም ልጅ አላለፈም። አንድም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ «የተሸላሚ ተማሪዎች ዝርዝር» ተለጥፎ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ገደሉ ላይ ሁካታ ሆነ። ጉባኤው መምህራኑን ወቀሰ። የአሥራ ሁለተኛው እርከን መምህር «የላኩልኝን ነው የተቀበልኩት» አለ፣ አሥራ አንደኛውም እንዲሁ፤ ወቀሳው እርከን በእርከን እየወረደ መጨረሻ ላይ እናቶች ዘንድ ደረሰ። እናቶች ሜዳውን ወቀሱ። ጅብ ሳይቀር አስተያየት ሰጠ፤ «በእኛ ጊዜ ትምህርት ነበር» አለ። በሌላ በኩል «ይበል! ፈተና ማለት እንዲህ ነው» ብለው ያጨበጨቡም ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ ከየኔታ በቀር፣ ለልጆቹ ሳይዋሽ የተናገረ ያ ሜዳ ብቻ ነው። ግን ጭብጨባው አልጣመኝም። ልጁን አሥራ አንድ ጊዜ «ጎበዝ» ያሉት እነሱው ናቸው።

ከወደቁት አንዱ ያ የጥላው ጭላዳ ነበር። እናቱ አሥራ አንድ ካርድ ይዛ ጉባኤው ፊት ቀረበች። አንድ በአንድ መሬት ላይ ዘረጋቻቸው።

«ጌቶቼ፣ ይህ የአራተኛው እርከን ነው። አንደኛ ይላል። የአምስተኛው አንደኛ። ስድስተኛው ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ገርፌዋለሁ። ሰባተኛው…»

«ገብቶናል» አሉ ሰብሳቢው ዋልያ።

«እኔ ግን አልገባኝም። እነዚህ ከዋሹ ማኅተሙ የማን ነው? ሜዳው ከዋሸ ደግሞ ልጄን መልሱልኝ።»

ሰብሳቢው ማኅተሙን ጎንበስ ብለው አዩ። የራሳቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ፈተናው ደግሞ ጠበቀ፤ ያለፉት ያው ከመቶ ሦስት ሆኑ። (በእኛም የ2015 ተፈታኞች የማለፍ መጠን 3.2 በመቶ ነበር፤ በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ።) ለማለፍ ጥቂት ለጎደላቸው አፋፉ ሥር የማካካሻ ትምህርት ተከፈተላቸው፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱን በጥቂት ወራት። አንዳንዶቹ ተርፈውበታል፣ ሐሰት አልናገርም።

ጉባኤው ያለፉት እነማን እንደሆኑ ያጣራ ዘንድ ቀበሮውን ላከ። አብዛኞቹ ከጨነቅ በኩል፣ ሣር የማያልቅበት፣ መምህር የማይጎድልበት ጥግ ልጆች ሆነው ተገኙ። ድንጋይ ከላይ የተደፋበት እርከን ላይ ያደጉት ግን ሰማይ ሳያዩ ስለ ንስር ተፈትነዋል፤ ሜዳው ለሁሉም እኩል ነው ሲባል ይህን የሚያነሳ አልነበረም። የየኔታ ሽኮኮ ተማሪዎች በሙሉ አለፉ ብል ተረቱ ያምርልኝ ነበር። አላለፉም። አንድ ዓመት የተደመጠ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ማሚቶ ሲሰማ ቢረሳ አይፈረድበትም። ከእርከናቸው ያለፉት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ዓይኗ ሩቅ የማያየው የሰስ ልጅ ናት። ቀበሮው እንዴት እንዳለፉ ሲጠይቃቸው፣ «ማታ ማታ እንጠያየቅ ነበር» አሉት። «ምን እየተባባላችሁ?» ሲላቸው፣ «ምን አይተህ ነው፣ ምን አይተሽ ነው፣ እየተባባልን» አሉ።

ትንሹ ጭላዳ (አሁን አድጓል) የማካካሻው ወረፋ ሳይደርሰው ሲቀር ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ስንጥቋ ትከሻውን አላስገባችውም። የኔታ ወጥተው ውጭ ሰሙት። ሊያውቃቸው ከሚገባው አሥራ ሁለት ጩኸቶች በእርግጥ የሚያውቀው አምስት ሆኖ ተገኘ። «አምስት አሉህ ማለት ነው» አሉት፤ «ከስድስተኛው እንጀምር።» ትንንሾቹ ይስቁበት ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ሲሳሳት እየተሽቀዳደሙ «ምን አይተህ ነው?» ይሉት ጀመር፤ እሱም ያስረዳቸዋል፣ ሲያስረዳም ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል።

ይህ ወሬ ጉባኤው ዘንድ ደረሰ። ጉባኤው በጣም ወደደው። ለሰባት ቀን ተወያይቶ፣ የሦስተኛው እርከን ተሞክሮ በሁሉም እርከኖች እንዲሰፋ ወሰነ። የስንጥቅ ቁመትና ስፋት በደንብ ተደነገገ። ስንጥቅ የሌለው አምስተኛው እርከን ግድግዳው ላይ በከሰል ስንጥቅ ስሎ «ተከናውኗል» ሲል ሪፖርት አደረገ።

ከዚያ ቀበሮው ክምር ወረቀት ተሸክሞ ወደ የኔታ ሽኮኮ መጣ። ቅጹ ራሱ «የምን አይተህ ነው ቅጽ» ይባላል። የልጁ ስም፣ የታየው ምልክት፣ የተሰጠው መልስ፣ ለተሰጠው መልስ የቀረበ ምክንያት፤ ሀ. ጥላ፣ ለ. ሽታ፣ ሐ. ሌላ። ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን አራት ጊዜ ተሞልቶ በሦስት ኮፒ ወደ ላይ ይላካል። ከታች «አማካይ ውጤት ከመቶ» የሚል ባዶ ቦታ አለ።

የኔታ ቅጹን ገልብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ስሞላ ልጆቹን መቼ ልስማቸው?»

ቀበሮው ጥያቄው ትክክል መሆኑን በአክብሮት ነገራቸው። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» በሚለው ረድፍ «መምህሩ ልጆችን ለመስማት ጊዜ የለኝም ይላሉ» ብሎ ጻፈ። ከአጠገቡ «የተወሰደ መፍትሔ» የሚል ረድፍ ነበር። ጥቂት አሰበ። «ግንዛቤ ይፈጠርላቸዋል» ብሎ ሞላና ወደ አራተኛው እርከን ወጣ።